ከቆሻሻው ላይ ሳይሆን ከቆሻሻው ዳር፦ በጎንደር የጥገና ማዕከል ስለማቋቋም

አገልግሎቱን የጨረሰ የቆሻሻ መጣያ ቦታ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ እየሰፋች ያለች ከተማ ሁሉ የምትጋፈጠው ጥያቄ ነው። ትናንት ከከተማ ወጣ ያለ ገደል ወይም ቦረቦር የነበረው ቦታ ዛሬ በመኖሪያ ቤቶች ይከበባል፤ ቆሻሻ መድፋቱ ቢቆም እንኳ ሽታው፣ ከውስጥ የሚወጣው ጭስና ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ታች የሚወርደው ጠቆር ያለ ውኃ አይቆሙም። በተለመደው አካሄድ እንዲህ ያለው ቦታ ወይ ታጥሮ ይረሳል፣ ወይ ሳይመረመር ተደልድሎ ለግንባታ ይሰጣል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ቦታውን ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሰበሰቡበት፣ የሚጠገኑበትና ተመልሰው ለገበያ የሚቀርቡበት የኅብረተሰብ ማዕከል ማድረግ ነው። ይህ ሐሳብ ለጎንደር ይበጃል ብዬ አምናለሁ። የሚበጀው ግን ሁለት ነገሮች ከተጠበቁ ነው፦ የማዕከሉ ቤቶች ከክምሩ ላይ ሳይሆን ከክምሩ ዳር፣ ቆሻሻ ተደፍቶበት በማያውቅ መሬት ላይ መሠራት አለባቸው፤ የማዕከሉ ባለቤቶችም ዛሬ በእግራቸው እየዞሩ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ሰዎች መሆን አለባቸው።

ጉዳዩን ወቅታዊ የሚያደርጉት ምክንያቶች ከአካባቢ ጥበቃም አልፈው ወደ ኪስ ይገባሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ ከማቀዝቀዣ እስከ ውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ከስልክ እስከ ብረት ቱቦ፣ በዚያው ልክ ተሰቅሏል። ድሮ «አዲስ ይገዛል» ተብሎ ይጣል የነበረው ዕቃ አሁን ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። በሌላ በኩል በከተማው የሚካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶችንና አጥሮችን አፍርሷል፤ ከፈረሳው የሚወጣው ቆርቆሮ፣ በር፣ መስኮት፣ አጠናና የተጠረበ ድንጋይ ትልቅ ሀብት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታሎችን አስቀድሞ ከልክሎ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ክልከላ ብቻውን ምን ያህል እንደሚራመድ ግልጽ ነው። ፌስታሉ ሲቀር ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሰፋበት ቦታና የሚሰፋው ጨርቅም እንዲሁ።

ጥገናን ለጎንደር አዲስ ነገር አድርጎ የሚያቀርብ ዕቅድ ካለ ከመጀመሪያው ስቷል። ማለዳ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ያረጀ ድስት ይገዛል። ልዋጩ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ባልዲ ይሰጣል። በቅዳሜ ገበያ የታጠበ የሃይላንድ ጠርሙስና ጀሪካን ይሸጣል፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ጀሪካን ከቤት ዕቃ ሁሉ የማይቀር ነውና የተቀደደውን በጋለ ብረት የሚለጥፍ ባለሙያም አይታጣም። ሬዚስታንሱ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠግን፣ የተቃጠለ ዲናሞ የሚጠቀልል፣ ከመኪና ጎማ በርባሶ የሚሠራ፣ የጃንጥላ ዘንግ የሚያቀና፣ የሰልባጅ ኮት ገልብጦ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ከአራዳ እስከ አዘዞ ይገኛል። ባለሙያ አልጠፋም። የጠፋው ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃው የሚከማችበት ቦታ፣ ተፈትቶ የተለየ መለዋወጫ፣ እና ሻጭንም ገዥንም የሚያስማማ ሚዛን።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከውጭ የሚቀዱ ሞዴሎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በኔዘርላንድስ በአምስተርዳም ከተማ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የተጀመረውና በኋላ በብዙ አገሮች የተዛመተው የጥገና ካፌ አሠራር፣ በጎ ፈቃደኞች የጎረቤቶቻቸውን የተበላሸ ዕቃ በነፃ የሚጠግኑበት ነው። እዚያ የሠራተኛ ጉልበት ውድ፣ አዲስ ዕቃ ግን ርካሽ በመሆኑ ጠጋኝ ከገበያ ወጥቶ ነበርና መልሶ ለማምጣት በጎ ፈቃደኛ አስፈለገ። የእኛ ነገር ተቃራኒው ነው። ጉልበቱ ርካሽ፣ መለዋወጫው ውድ ነው። አንድ ማዕከል ተነሥቶ በነፃ ልጠግን ቢል የሚጎዳው ጥግ ላይ ተቀምጦ ልጆቹን የሚያሳድገው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ለጎንደር የሚያስፈልገው ማዕከል ሌላ የሱቅ ረድፍም፣ የነፃ አገልግሎት መስጫም አይደለም፤ ዋናው አካሉ የመለዋወጫ ማከማቻ ነው። ስክሪኑ የተሰበረ ቴሌቪዥን ውስጥ ደህና የኃይል ቦርድ አለ፤ ታንከሩ የተበሳ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ደህና ሞተር አለ። ቆራሌው ይህንን ሁሉ የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ኪሎው ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ ይሄዳል፤ ቦርዱ የሚያስፈልገው የጎንደር ጠጋኝ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ቦርድ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያለውን የጉዞ ችግር ደግሞ መዘርዘር አያስፈልግም። ዕቃው ሁለት ጊዜ በከንቱ ይጓዛል ማለት ነው። በአንድ ግቢ ተፈትቶ፣ ተፈትሾና ስም ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ለሁሉም ጠጋኝ እኩል ይደርሳል።

ወደ መሬቱ እንመለስ። የተዘጋ ቆሻሻ መጣያ ከላይ ሲታይ ሣር የበቀለበት ጉብታ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ገና በሥራ ላይ ነው። የተቀበረው የምግብ ትርፍ፣ ቅጠልና ወረቀት አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባሉትን ጋዞች በተቀራራቢ መጠን ያመነጫል። የኢትዮጵያ ከተሞች ቆሻሻ አብዛኛው በቀላሉ የሚበሰብስ በመሆኑ ጋዙ ብዙ ነው፤ ቦታው ከተዘጋ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ይቀጥላል። ሚቴን በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ወደ ጥገና ማዕከል ቀድመው ከሚገቡት መሣሪያዎች ሁለቱ የብየዳ ማሽንና ግራይንደር መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ ሁለቱም ሥራቸው ብልጭታ መርጨት ነው። ክምር ላይ በተሠራ፣ ወለሉ በተሰነጠቀና በር መስኮቱ ሌሊቱን ተዘግቶ ባደረ ወርክሾፕ ውስጥ ጠዋት ገብቶ ብየዳ መጀመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ወለሉ መሰንጠቁም አይቀርም። ክምሩ እየበሰበሰ ሲሄድ ይሰምጣል፤ 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ክምር በዓመታት ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ የሚወርደውም እኩል አይደለም። አንዱ ጥግ ሲሰምጥ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ግድግዳ ይተረተራል፣ የውኃ ቧንቧ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰው ቧንቧ የሚፈሰው ውኃ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል። በዚህ ላይ በአሮጌ መጣያዎች ውስጥ ምን እንደተቀበረ በዝርዝር የሚታወቅበት መዝገብ እምብዛም የለም፤ የሕክምና መርፌ፣ የባትሪ እርሳስና የቀለም ቆርቆሮ ከቤት ቆሻሻ ጋር ተደባልቀው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ክምሩን ቆፍሮ ብስባሹን ለማዳበሪያነት መሸጥ የሚለው በየስብሰባው የሚነሣ ሐሳብ እኔን ያስፈራኛል። የገበያ ቅጠላ ቅጠል ለብቻው ተለይቶ ቢብላላ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል፤ ከአሮጌ ክምር የሚወጣው ግን ስባሪ ጠርሙስና እርሳስ የተቀላቀለበት አፈር ነው፤ እርሱን ጎመን ላይ መበተን መርዙን ከገደሉ አውጥቶ ወደ ማዕድ ማምጣት ይሆናል።

ክምሩ እንግዲህ ይተው፤ በሸክላማ አፈር ይሸፈን፣ ጋዙ በቱቦ ይውጣ፣ ሥሩ አፈር የሚይዝ ሣር፣ ለምሳሌ ቬቲቨር፣ ይተከልበት፤ ከብትም አይሰማራበት። ወርክሾፖቹ ዳር ይሁኑ ሲባል ግን ዳር መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ጋዝ ወደ ጎንም ይጓዛልና። በተለይ በክረምት የላይኛው አፈር በውኃ ሲጠግብ ጋዙ ወደ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ይዘጋና በጎን በኩል መውጫ ይፈልጋል። ጎንደር ዝናቧ በሐምሌና በነሐሴ የሚበረታ ከተማ ናት። በመሆኑም በክምሩና በቤቶቹ መካከል በጠጠር የተሞላ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ጋዙ በዚያ እንዲተነፍስ ማድረግ፣ ቤቶቹንም ከክምሩ በላይኛው በኩል፣ ውኃ በማይወርድበት አቅጣጫ መሥራት ያስፈልጋል። የሚወርደው ውኃ ጉዳይ በራሱ ከባድ ነው። የጎንደር አቀማመጥ ተዳፋት ስለሆነ የአንገረብም የቀሃም ውኃ ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ወደ ጣና ይወርዳል። ከሥሩ ምንም ካልተነጠፈለት መጣያ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ በመጨረሻ የሚያርፍበት ሐይቅ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የማዕከሉ የመጀመሪያ ወጪ የሕንፃ ሳይሆን ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ከክምሩ የሚያርቅ የመቀልበሻ ቦይ መሆን ይገባዋል።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ ረጲን ያስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም ኑሯቸውን በዚያው ላይ የመሠረቱ ነበሩ። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደርጎ አዲሱ ማስወገጃ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት የተለያየ ነው። አንዱ ስለ ተዳፋት ክምር አደገኛነት ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ያልተመከረበት ቦታ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር እንደማይዘልቅ ነው።

የተሳካላቸውስ እንዴት አደረጉ? ሁለት ምሳሌዎች ለእኛ ይቀርባሉ። በካይሮ ለ500 ዓመታት ገደማ ፍርስራሽና ጥራጊ ሲከመርበት የኖረ ኮረብታ በ1997 ዓ.ም. የአል አዝሃር መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ ስፋቱ 30 ሄክታር ይደርሳል። በቁፋሮው ወቅት አዩቢዶች የተባሉት የጥንት ገዥዎች ዘመን የከተማ ግንብ ተቀብሮ ተገኘ። ለጎንደር የሚጠቅመው ግን መናፈሻው ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ባለው ደርብ አል አህመር በተባለው ደሀ ሰፈር የሚኖሩ ወጣቶች በግንቡና በአሮጌ ቤቶች ጥገና ላይ በአናጢነትና በድንጋይ ሥራ መሠልጠናቸው ነው። በፋሲል ግቢ ጥገና በኖራና በድንጋይ ሥራ እጃቸውን ያፍታቱ የጎንደር ግንበኞችም ይህንን ሙያ የሚያወርሱበት ቋሚ ቦታ ቢያገኙ ያተርፋሉ። ሁለተኛው ምሳሌ በስዊድን ኤስኪልስቱና ከተማ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው ሬቱና የተባለ የገበያ አዳራሽ ነው። የሚሸጠው ሁሉ ያገለገለ፣ የተጠገነ ወይም ከአሮጌ ዕቃ የተሠራ ነው። አዳራሹ የተተከለው ነዋሪው የማይፈልገውን ዕቃ ከሚያመጣበት ጣቢያ ጎን መሆኑ የአሠራሩ ምሥጢር ይመስለኛል፤ ዕቃው እዚያው ይራገፋል፣ እዚያው ይለያል፣ ለየሱቁ ይከፋፈላል። በሁለቱም ቦታ ቁም ነገሩ ዕቃው፣ ባለሙያውና ገዥው የሚገናኙበት ርቀት ማጠሩ ነው።

ለጎንደሩ ማዕከል ዕቃ ከየት ይመጣል? ከቤት የሚወጣው የሚታሰበውን ያህል አይበዛም፤ ደሀ ቤት የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። ብዙው ያለው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች ግቢ ነው። እግሩ የወለቀ የተማሪ ዴስክ፣ ጎማው የጎደለ ወንበር፣ መሳቢያው የተቆለፈበት ካቢኔ፣ ዝናብ የሚመታው ኮምፒዩተር በየጓሮው ተቆልሎ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ይጠብቃል። ኮሚቴው ይቋቋማል፣ ዋጋ ይተመናል፣ ሐራጅ ይወጣል፤ እስከዚያ ብረቱ ይዝጋል፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። አንድ ትምህርት ቤት ዴስኮቹን ሸጦ አዲስ ከመግዛት ይልቅ አስጠግኖ መልሶ ቢወስድ ንብረቱ ከእጁ አይወጣም፤ ስለዚህ የማስወገድ ሥርዓቱም አያስፈልገውም፣ የጥገና ውል ብቻ ይበቃዋል። ይህ ለማዕከሉ ከማንኛውም እርዳታ የተሻለ ቋሚ ሥራ ነው። እድሮችም አሉ፤ ድንኳናቸው ይቀደዳል፣ ወንበራቸው ይሰበራል፣ የብረት ድስታቸው ይበሳል፤ ዕቃቸውን ደግሞ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። ከየእድሩ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰርግ ሳይበዛ፣ ዕቃ የማደስ ስምምነት ማድረግ አስቸጋሪ አይሆንም።

ማዕከሉ የማይቀበለውም ነገር ሊኖር ይገባል። የመኪና ባትሪ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ በየትኛውም ግቢ፣ በተለይም ሕፃናት በሚውሉበት፣ መፈቀድ የለበትም፤ ሜርኩሪ ያለባቸው ረጃጅም አምፖሎችም ሳይሰበሩ ተለይተው ይቀመጡ። ሽቦ አቃጥሎ መዳብ ማውጣት በየሜዳው የሚታይ ልማድ ነው፤ ጭሱ መርዝ ነውና ሽቦ የሚልጥ ቀላል መሣሪያ ማዕከሉ ቢኖረው መዳቡም ሳይጠቁር የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

የሚቀረው የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ ሥራውን የሚያፈርሰውም የሚያቆመውም እርሱ ነው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተሠሩ ሼዶችን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሼዱ ይሠራል፣ ማኅበር ተብሎ በችኮላ የተደራጀ ቡድን ይገባበታል፣ ጥቂት ሳይቆይ አባላቱ ይበተናሉ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይቀራል። ቆራሌውና ልዋጩ በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ የከተማ መታወቂያ የሌላቸው ወጣቶች ስለሆኑ ለመደራጀት የሚጠየቀውን ወረቀት አያሟሉም። ከማዕከሉ ውጭ ከተደረጉ ግን ማዕከሉ ዕቃ አያገኝም፤ የከተማውን በር ሁሉ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ለአንድ ወጣት በቀን የሚያመጣውን በትክክለኛ ሚዛን መዝኖ ወዲያው መክፈል፣ ጓንትና ጫማ መስጠት፣ የሚያመጣውን እየመዘገቡም ከጊዜ በኋላ ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ ከማንኛውም ሥልጠና ይቀድማል። ሒሳቡን እንደ እቁብ በየሳምንቱ በግልጽ የሚያነብ ሰብሳቢ ካለ አባላቱ ራሳቸው ይጠብቁታል።

ሌላም ሳይነገር የሚታለፍ እንቅፋት አለ። በእጅ የሚሠራን ሰው መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጎንደርም የራሷ ታሪክ አላት። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻና ቢላዋ የሚቀጠቅጡ፣ ማሰሮና ምጣድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ በእጃቸው ሥራ እየተጠቀመ እነርሱን ግን ይሸሻቸው ነበር። ዛሬ ቆሻሻ የሚለቅም ወጣት በሚሰማው ስድብ ውስጥ ያ አሮጌ ንቀት አለ። ማዕከሉ ከዩኒቨርሲቲውና ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር ሠርቶ የብቃት ምዘና የሚያስፈትን ቢሆን፣ ዲናሞ ጠቅላዩ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ መስቀሉ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተነሣው በ1947 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲሆን፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በማሠልጠን የቆየ ነው። የመሬቱን ምርመራ ለመሥራት ከእርሱ የሚቀርብ ተቋም የለም። ይህ የቅንጦት ጥናት አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 513 የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ባለቤት ቦታው ከተዘጋ በኋላም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጎ ነበርና፣ ያልተመረመረ መሬት ለማኅበር የሚያስረክብ አካል ዕዳውንም አብሮ እንደሚያሻግር ወይም ለራሱ እንደሚያስቀር በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ምርመራው በበጋ ብቻ ከተካሄደ ደግሞ ጎዶሎ ነው። የጋዝ መለኪያ ቱቦዎቹ ግንቦት ላይ ተቀብረው እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ ቢነበቡ፣ ከክምሩ ግርጌ ያለው ውኃም በዚያው ጊዜ ቢመረመር፣ ቤቶቹ የሚያርፉበት መስመር ይታወቃል።

እስከዚያ ድረስ መደርደሪያውና ሚዛኑ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ በማንኛውም የኪራይ መጋዘን ሊጀመሩ ይችላሉ። የሚያስቸኩለው የፈረሳው ዕቃ ነው፦ በሩና መስኮቱ ገና ሳይሰበር ተነቅሎ፣ ልኩ ተጽፎበት ከዝናብ ቢጠለል ቤቱን ለሚያድስ ሰው ይሸጣል፤ አንድ ክረምት ሜዳ ላይ ካደረ ግን ዋጋው የማገዶ ዋጋ ነው።